ሥልጠናው ከአዳራሹ ሳይሆን ከመስኮቱ ይጀምር

አንድ አባት እንውሰድ። ልጁ ከተወለደ 88ኛ ቀኑ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሲሄድ ይህ ሦስተኛው ነው። መጀመሪያ የሄደ ቀን «ከሆስፒታል የተሰጠውን የልደት ማሳወቂያ ይዘው ይምጡ» ተባለ። ይዞ መጣ። ሁለተኛ የሄደ ቀን «የእናትየዋ መታወቂያ ጊዜው አልፎበታል፣ ታድሶ ይምጣ» ተባለ። አሳደሰ። በመጀመሪያው ቀን ሁለቱንም አንድ ላይ የነገረው ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ቀን፣ ሰኔ ወር ውስጥ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ በሩ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ አገኘ፦ «ሠራተኞች ሥልጠና ላይ ስለሆኑ እስከ ዓርብ አገልግሎት አንሰጥም።»

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት ይላል። ይህ አባት ሰኞ ሲመለስ 94ኛው ቀን ይሆናል። ጉዳዩም «የዘገየ» ተብሎ ይታያል፤ ተጨማሪ ጥያቄና ተጨማሪ ምልልስ ይከተለዋል። ጊዜውን ያሳለፈው መሥሪያ ቤቱ፣ አርፋጅ የሚባለው ግን እሱ ነው።

በዚያው ማክሰኞ ጠዋት የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው፣ አዳማ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ተቀምጠዋል። ስክሪኑ ላይ በትልልቅ ፊደል «ደንበኛ ተኮር አገልግሎት አሰጣጥ» የሚል ርዕስ ይነበባል።

ይህ ምስል የአንድ ወረዳ ብቻ አይደለም። መንግሥት መሥሪያ ቤት ደጅ የጠና ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እዚያው የሚሠራውም ያውቀዋል። ቀልድ አድርጎ ማለፍ ይቻላል። አሁን ግን ሠራተኛው በፈተና እየተመዘነ፣ እንጀራው ከብቃቱ ጋር እየተያያዘ ባለበት ጊዜ፣ «ሥልጠና» የሚባለው ነገር እንዴት ይነደፋል የሚለው ጥያቄ የቀልድ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል።

◆ ሥልጠና እንዴት ይወለዳል?

ጤናማው መንገድ እንዲህ ነበር፦ አንድ ሥራ እየተበላሸ ነው፤ ለምን እንደሚበላሽ ይጠናል፤ ምክንያቱ የዕውቀት ወይም የክህሎት ጉድለት ሆኖ ከተገኘ ሥልጠና ይዘጋጃል።

በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚሆነው የተገላቢጦሽ ነው። ሐምሌ ላይ የዓመቱ ዕቅድ ሲወጣ «ለ120 ሠራተኞች የአቅም ግንባታ ሥልጠና መስጠት» የሚል መስመር ይገባል። ስለ ምን? አይታወቅም። መስከረም ያልፋል፣ ጥር ያልፋል፣ ሚያዝያ ያልፋል። ግንቦት ላይ በጀቱ አለመነካቱ ይታወሳል። በጀቱ ሰኔ 30 ላይ ሳይሠራበት ከቀረ ተመላሽ ይሆናል፣ የሚመጣው ዓመት ጥያቄም ይዳከማል። ስለዚህ ርዕስ ይፈለጋል። ዓምና ሰነድ ያዘጋጀ ሰው ይጠራል። ሆቴል ይያዛል። ስም ዝርዝር ይወጣል። ቦርሳ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይገዛል። በመጨረሻው ቀን የቡድን ፎቶ ይነሣል። ሪፖርቱም «120 ሠራተኞች ሠልጥነዋል፤ አፈጻጸም 100 በመቶ» ብሎ ይዘጋል።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ መስኮቱ ላይ የተቀመጠችውን ሠራተኛ «የትኛው ጉዳይ ያስቸግርሻል?» ብሎ የጠየቃት የለም። የተመለሱ ፋይሎችን አገላብጦ ያየም የለም።

ስለ ውሎ አበልም በግልጽ መነጋገር ይሻላል። «ሠራተኛው የሚሄደው ለአበል ነው» ብሎ ማፌዝ ቀላል ነው። ደመወዙ ከወር ወር ለማድረስ ለሚንገዳገድ ሠራተኛ የአራት ቀን አበል የቤት ኪራይ ማሟያ ነው፤ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ሰውየው አይወቀስም። ችግሩ ሥልጠና የደመወዝ መደጎሚያ ሲሆን የተሳታፊው አመራረጥም አብሮ መለወጡ ነው። «ማን ያስፈልገዋል?» የሚለው ጥያቄ ይቀርና «ዘንድሮ ተራው የማነው?» ይተካዋል። ከመስኮት ሥራ ጋር ግንኙነት የሌለው ሰው በመስኮት አገልግሎት ሥልጠና ላይ ይገኛል። መስኮቱ ላይ ያለችው ደግሞ «አንቺ ከሄድሽ ማን ይሠራል?» ተብላ ትቀራለች፤ ወይም ሁሉም አብረው ይሄዱና በሩ ላይ ወረቀት ይለጠፋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

◆ ቃላቱ መጡ፣ ሥራው ግን…

ኢትዮጵያ ሠራተኞቿን ለማሠልጠን አልሞከረችም ማለት ሐሰት ነው። በ1940ዎቹ በተባበሩት መንግሥታት እገዛ የሕዝብ አስተዳደር ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ ነበር። በ1987 ዓ.ም ሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ተከፍቶ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ የለውጥ ማዕበሉ አላባራም። መሠረታዊ የአሠራር ሒደት ለውጥ ወይም በተለመደው አጠራሩ ቢፒአር መጣ። ውጤት ተኮር ሥርዓት መጣ። ካይዘን መጣ። የዜጎች ቻርተር በየግድግዳው ተሰቀለ። አንድ ለአምስትና የለውጥ ሠራዊት የሚሉት ቃላት የየዕለቱ ቋንቋ ሆኑ።

እያንዳንዱ ማዕበል የራሱን ሥልጠና ይዞ መጣ። አንዳንዱም ፍሬ አፍርቷል። በቢፒአር ጊዜ የንግድ ፈቃድን በመሰሉ አገልግሎቶች ቀናት ይወስድ የነበረው ወደ ሰዓታት መውረዱን በዚያ ዘመን ጉዳይ የነበረው ሰው ይመሰክራል። ነገር ግን የየዘመኑ ሥልጠና በአብዛኛው ስለ ለውጡ መሣሪያ የሚናገር ነበር። ሠራተኛው የካይዘንን ትርጉም፣ የውጤት ተኮር እይታዎችን ብዛት፣ የራዕይና የተልዕኮን ልዩነት ተማረ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፎርም እንዴት ሳይሳሳት እንደሚሞላ ግን አጠገቡ ከተቀመጠው ሰው እየሰረቀ ነው የተማረው። አጠገቡ ያለው ተሳስቶ ከሆነ ስሕተቱንም አብሮ ወረሰ።

የካይዘን ነገር እዚህ ላይ ልዩ ትምህርት አለው። አቶ መለስ ዜናዊ እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓንን ጠይቀው፣ በ30 ፋብሪካዎች ተሞክሮ፣ በ2004 ዓ.ም የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ብዙ ሰው ካይዘን ሲባል የሚያስታውሰው አምስቱን «ማ»ዎች፣ የተደረደሩ መደርደሪያዎችንና መሬት ላይ የተቀባውን ቢጫ መስመር ነው። ከካይዘን ሥሮች አንዱ ግን ስለ ማሠልጠን የሚናገር ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ወንዶቿ ወደ ጦር ሜዳ ሲዘምቱ፣ መርከብና ጥይት የሚያመርቱ ፋብሪካዎቿን ሥራውን ጨርሰው በማያውቁ አዳዲስ ሠራተኞች መሙላት ነበረባት። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1940 «በኢንዱስትሪ ውስጥ ሥልጠና» የሚባል ፕሮግራም ጀመረች። ፕሮግራሙ ለየፋብሪካው አለቃ በኪስ የምትያዝ ካርድ ሰጠው። በካርዷ ላይ አራት እርምጃዎች ነበሩ፦ ሠራተኛውን አዘጋጅ፤ ሥራውን ደረጃ በደረጃ አሳየው፤ ራሱ እንዲሠራው አድርግ፤ ከዚያ ተከታተለው። ሠራተኛው ካልተማረ ጥፋቱ የአስተማሪው ነው የሚል አቋምም ነበረው። ከጦርነቱ በኋላ ፕሮግራሙ ወደ ጃፓን ተሻገረ፤ ቶዮታም ተቀበለው። ካይዘን ካደገባቸው ማሳዎች አንዱ ይህ ነው።

እነዚያን አራት እርምጃዎች ከአዳማው አዳራሽ ጋር ቢያነጻጽሩ፣ አዳራሹ ውስጥ የሚገኘው ሁለተኛው ብቻ ነው፤ እሱም በከፊል። ማሳየት አለ። ሠራተኛው ራሱ የሚሞክርበት ጊዜ የለም። ከተመለሰ በኋላ የሚከታተለውም የለም።

◆ በመጀመሪያ፦ ችግሩ የሥልጠና ነው ወይ?

ሮበርት ሜገርና ፒተር ፓይፕ የተባሉ የሥልጠና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1970 አንድ ቀላል መፈተኛ አቅርበው ነበር። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ሠራተኛው ሕይወቱ በዚህ ላይ የተንጠለጠለ ቢሆን ሥራውን በትክክል ሊሠራው ይችላል? መልሱ «አዎ» ከሆነ ችግሩ የዕውቀት አይደለም፤ ሥልጠናም አይፈታውም።

ይህን ጥያቄ ይዞ ወደ መስኮቱ መሄድ ነው።

«ሲስተም የለም» የሚለው መልስ በሥልጠና አይድንም። ኔትወርኩ ሲቆም ሠራተኛዋ የቱንም ያህል ፈገግ ብትል ኔትወርኩ አይመለስም። እዚህ የሚያስፈልገው ጄኔሬተር፣ አማራጭ መስመር፣ ወይም ሲስተም ሲቆም በወረቀት ተቀብሎ ቀጠሮ የሚሰጥበት አሠራር ነው።

«ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ይምጡ» የሚለውም የሥልጠና ችግር አይደለም። አንድ ፊርማ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ከታሰረ ጉድለቱ የሥልጣን ክፍፍሉ ነው።

ሦስተኛው ፍርሃት ነው። ሕጉን ጠንቅቃ የምታውቅ ሠራተኛ አስቸጋሪ ፋይል ሲመጣባት «ለበላይ አካል ይቅረብ» ብላ ትገፋዋለች። ለምን? ፈርማ ብትሳሳት ኦዲት፣ ዲሲፕሊን ኮሚቴ፣ አለፍ ሲልም ፖሊስ ይጠብቃታል። አልፈርምም ብላ ባለጉዳይ ብታንገላታ ግን የሚጠይቃት የለም። በዚህ ሚዛን ውስጥ ያለ ሰው ምንም ቢሠለጥን የሚመርጠው አለመፈረምን ነው። ሥነ ምግባር ቢሰበክለትም ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

እነዚህ ሦስቱ ሲወጡ የሚቀረው እውነተኛው የሥልጠና ድርሻ ነው። ብዙ ጊዜ ከሚታሰበው ያነሰ ነው፤ ስለዚህም በትንሽ ገንዘብ በደንብ ሊሠራ ይችላል።

◆ ከመስኮቱ ሲጀመር

ወደ ወረዳው የምዝገባ መስኮት እንመለስ። ሥልጠናውን የሚነድፈው ሰው ስላይድ ከመክፈቱ በፊት የአንድ ወር ተመላሽ ፋይሎችን ይሰብስብ። የተሳሳቱ፣ እርማት የተጠየቀባቸው፣ ባለጉዳዩ ከአንድ ጊዜ በላይ የተመላለሰባቸው ሁሉ ይውጡ። ከዚያ በስሕተታቸው ዓይነት በየክምሩ ይለያዩ። ይህ ሥራ ሁለት ሰውና ጥቂት ቀናት ይፈጃል እንጂ አማካሪ ድርጅት አይጠይቅም።

ክምሮቹ ምን ሊሆኑ እንደሚችሉ ሥራውን የሚያውቅ ይገምታል።

አንደኛው የስም አጻጻፍ ነው። ፀሐይ የተባለች ልጅ ስሟ በላቲን ፊደል አንዱ ሰነድ ላይ በ«ቲ» እና በ«ኤስ»፣ ሌላው ላይ በ«ኤስ» ብቻ ይጀምራል። ለአማርኛ አንባቢ ልዩነቱ ምንም ነው። ቤተሰቦቿ ወዳሉበት አሜሪካ ወይም ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ስትነሣ ግን ኤምባሲው ፊት ሁለት የተለያዩ ሰዎች ትሆናለች። ያቺ አንዲት ፊደል የወራት ምልልስ ታስከፍላለች።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲዞር ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት አካባቢ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ግን ሴፕቴምበር 12 ይሆናል። «8 ዓመት ደምር» ብቻ የተማረ ሠራተኛ በኅዳር የተወለደን ሕፃን ገና ያልመጣ ዓመት ውስጥ ያስገባዋል።

ሦስተኛው በወቅታዊ፣ በዘገየና በነባር ምዝገባ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ለየትኛው ምን ማስረጃ ይጠየቃል? ሠራተኛው እርግጠኛ ካልሆነ ሁሉንም ይጠይቃል፤ ወይም አንድ በአንድ እያስታወሰ ይጠይቃል። ያ አባት ሦስት ጊዜ የተመላለሰው በዚህ ነው።

አሁን ሥልጠናው ራሱን ይነድፋል ማለት ይቻላል።

ለስም አጻጻፍ ንግግር አያስፈልግም። የተለመዱ ስሞች በሁለቱም ፊደል የተጻፉበት አንድ ገጽ ይዘጋጅ፤ «ፓስፖርት ወይም ሌላ ሰነድ ካለ መጀመሪያ እሱ ይታይ፣ ከመታተሙ በፊት ባለጉዳዩ ራሱ አንብቦ ያረጋግጥ» የሚል ልማድ ይተከል። ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈ አንድ ወረቀት በአዳራሽ ከሚሰጥ የግማሽ ቀን ገለጻ የተሻለ ያስታውሳል።

ለዘመን አቆጣጠሩ መለማመድ ያስፈልጋል። ሃያ ቀኖች ተሰጥተው በእጅ ይሠሩ። መስከረም 1 ቀን 1992 ዓ.ም የተወለደ ሰው በፈረንጅ ስንት ይላል? መልሱ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1999 ነው፤ 1991 ጳጉሜን 6 ቀን የነበረባት ዓመት ናትና። «ጳጉሜን 6 ቀን 1990 ዓ.ም ተወለደ» የሚል ፋይል ቢመጣስ? ያ ቀን በዚያ ዓመት አልነበረም፤ ፋይሉ መጣራት አለበት። ኮምፒውተሩ ራሱ ይቀይረዋል የሚል ይኖራል። ኮምፒውተሩ የሚቀይረው የተሰጠውን ነው፤ የተሳሳተ ቀን ሲገባለት «ይህ ነገር ልክ ነው?» ብሎ የሚጠራጠር ዓይን ያስፈልጋል።

ለማስረጃዎቹ ደግሞ እውነተኛ ፋይሎች ስማቸው ተሸፍኖ ይቅረቡ። «ይህ ባለጉዳይ ፊታችሁ ቆሟል። ምን ትሉታላችሁ?» አንዱ ሠራተኛ ባለጉዳይ፣ ሌላው መዝጋቢ ይሁን። መመዘኛው አንድ ነው፦ ባለጉዳዩ የሚያስፈልገውን በሙሉ በአንድ ጊዜ አውቆ ሄዷል ወይ?

ማን ያስተምር? በየመሥሪያ ቤቱ ሌሎቹ ሲቸግራቸው የሚጠይቋት አንዲት ሠራተኛ አለች። ብዙ ጊዜ ማዕረግ የላትም፤ ዲግሪዋም ከሌሎቹ ያንስ ይሆናል። ሥራው ግን በእጇ ነው። ችግሯ ማወቅን እንጂ ማሳወቅን አለመልመዷ ነው፤ «እንዲህ አድርጊው» ብላ ራሷ ሠርታ ታልፋለች። የውጭ አሠልጣኝ ካስፈለገ እሷን የማስተማር ዘዴ ያስተምራት። እሷ ሌሎቹን ታስተምር። ለዚህም ከሥራ ሰዓቷ ይቀነስላት፣ ይከፈላት፣ በደረጃ ዕድገት ላይ ይቆጠርላት።

መቼና የት? እዚያው፣ በትንሽ በትንሹ። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ ሰው የተማረውን ካልደገመው አብዛኛውን በጥቂት ጊዜ ውስጥ እንደሚረሳ አሳይቷል። አራት ቀን በተከታታይ የተዘነበ ገለጻ ከመንገድ ሳይመለስ ይተናል። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ መስኮቱ ከመከፈቱ በፊት አርባ ደቂቃ፣ ለስድስት ሳምንት ቢሰጥ ግን ሠራተኛው ጠዋት የተማረውን ከሰዓት ይሠራበታል። የሚዘጋ በር የለም፤ የሚለጠፍ ወረቀትም የለም።

በመጨረሻ መለኪያው። ዶናልድ ኪርክፓትሪክ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1959 ሥልጠናን በአራት ደረጃ መለካት እንደሚቻል ጽፏል፦ ሠልጣኙ ወደደው ወይ? ተማረ ወይ? ሥራው ላይ ተለወጠ ወይ? ውጤቱስ ተሻሻለ ወይ? የኛ መሥሪያ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ይጠይቃሉ። «ሥልጠናው እንዴት ነበር?» «በጣም ጥሩ፤ ጊዜው ግን አጠረ።» ፎርሙ ይሰበሰባል፣ ያበቃል። የወረዳው መስኮት ግን አራተኛውን ለመለካት የሚያስፈልገው ሁሉ በእጁ ነው፦ ተመላሽ ፋይሎቹ። ከሥልጠናው በፊት የነበረው ክምርና ከሁለት ወር በኋላ ያለው ክምር ጎን ለጎን ይቀመጡ። ካልቀነሰ ሥልጠናው አልሠራም፤ ሪፖርቱ ምንም ይበል።

◆ «አዳራሽ ጨርሶ አያስፈልግም?»

ያስፈልጋል። አዲስ አዋጅ ወይም መመሪያ ሲወጣ ከተለያየ ወረዳ የመጣ ሰው አንድ ዓይነት ማብራሪያ መስማት አለበት፤ አንዱ ወረዳ የሚቀበለውን ሌላው የሚመልሰው አንዳንዴ ይህ ስለሚጎድል ነው። የተለያየ ቦታ የሚሠሩ ሰዎች በሻይ ዕረፍት ላይ የሚለዋወጡት ልምድም ቀላል አይደለም። ከከተማ ወጥቶ መተንፈስም ለደከመ ሠራተኛ ነውር አይደለም። ጥያቄው አዳራሹ የሥልጠናው አንድ ክፍል ነው ወይስ ሥልጠናው ራሱ ነው የሚለው ነው።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። «አሠልጥነን ስንጨርስ ይዛወራል፤ ወይም የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ይለቃል» ይላሉ ኃላፊዎች። እውነት ነው። ግን ይህ የሚያስረዳው ዕውቀቱ በአንድ ሰው ጭንቅላት ብቻ መቀመጥ እንደሌለበት ነው። ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈው ገጽ፣ የልምምድ ፋይሎቹ፣ ማስተማር የለመደችው ነባር ሠራተኛ ሰው ሲለቅም ይቆያሉ። አዳማ ላይ የታየው ስላይድ ግን ከአሠልጣኙ ፍላሽ ጋር አብሮ ይሄዳል።

አበሉስ? እሱን የሚያጣ ሠራተኛ ማጉረምረሙ አይቀርም፣ መብቱም ነው። ለሆቴል፣ ለትራንስፖርትና ለመስተንግዶ የሚወጣው ገንዘብ ከተቆጠበ ግን የተወሰነው በሥራው ላይ መሻሻል ላሳየ ቡድን በማበረታቻ መልክ የሚመለስበት ሕጋዊ መንገድ ሊፈለግ ይገባል። የሠራተኛውን ኪስ ሳያስቡ ሥልጠናን ማስተካከል በወረቀት ላይ ብቻ የሚሳካ ነገር ነው።

◆ ሳያስተምሩ መፈተን

ይህ ሁሉ አሁን ለምን ይነሣል? ነገሩ ከብክነት አልፎ የፍትሕ ጥያቄ ስለሆነ ነው።

በ2016 ዓ.ም የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በሺዎች ለሚቆጠሩ ሠራተኞቹና ኃላፊዎቹ የብቃት ምዘና ፈተና ሰጥቶ ነበር። ብዙዎች የማለፊያ ነጥብ ሳያመጡ መቅረታቸው ሲሰማ ከተማው መነጋገሪያ አገኘ። «እንዲህ ያሉ ናቸው ለካ የሚያንገላቱን!» ያለው ብዙ ነው። በ2017 ዓ.ም አዲሱ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1353 ከወጣ ወዲህም የብቃትና የምዘና ነገር ይበልጥ ጎልቶ ይነሣል። በዚያው ዓመት ሥራ የጀመረው የመሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎትም የብዙ ተቋማትን ጉዳይ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያመጣ፣ ባለጉዳዩ ከፊቱ ከተቀመጠው ሠራተኛ የሚጠብቀውን ከፍ አድርጎታል።

መመዘን ተገቢ ነው። በሕዝብ ግብር የሚከፈለው ሰው ሥራውን ማወቅ አለበት፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ ይህ ሠራተኛ ለአሥር ዓመት በየሰኔው ሠልጥኗል ተብሎ ሪፖርት ሲቀርብ አልነበረምን? «አፈጻጸም 100 በመቶ» ሲባል አልነበረምን? ያ ሁሉ ሪፖርት እውነት ከሆነ እንዴት ወደቀ? ሐሰት ከሆነ ደግሞ የወደቀው ማነው፤ ሠራተኛው ወይስ ሥልጠናውን የነደፈውና ሪፖርቱን የፈረመው?

አስተምሮ መፈተን ወግ ነው። ሳያስተምሩ ፈትኖ ማባረር አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ፈተናው ሠራተኛው ከሚሠራው ሥራ ካልተቀዳ ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ነው፤ ጠቅላላ ዕውቀት የሸመደደ ያልፋል፣ ፋይሉን አንድም ቀን ሳይሳሳት የሞላችው ሴት ትወድቃለች። ባለጉዳዩም በማግሥቱ መስኮቱ ላይ ጳጉሜን 6ን የማያውቅ ባለ ዲግሪ ያገኛል።

ስለዚህ የሥልጠና ጥያቄ ለፊርማ የቀረበለት ኃላፊ ማኅተሙን ከማንሣቱ በፊት አራት ነገር ይጠይቅ። የትኛው ሥራ ነው የተበላሸው? ሰውየው ስለማያውቅ ነው ወይስ ስለማይችልበት ሁኔታ ነው? ሥልጠናው ላይ ራሱ የሚሠራው ምንድን ነው? ከሁለት ወር በኋላስ ምን አይተን ነው ሠራ የምንለው? መልስ ከሌለ በጀቱ ተመላሽ ይሁን። ገንዘብ ተመላሽ መሆኑ ከባለጉዳይ ተመላሽ መሆን ይሻላል።

ያ አባት ሰኞ ጠዋት ተመልሶ ይመጣል። ልጁን ያቀፈችው ሚስቱም አብራው ትሆናለች። መስኮቱ ይከፈታል። ሠራተኛዋ በአዳማው ሥልጠና እንደተነገራት ፈገግ ብላ «እንኳን ደህና መጡ» ትላለች። ፋይሉን ታገላብጣለች፤ ቀኑን ትቆጥራለች።

«90 ቀን አልፎታል፤ የዘገየ ነው። ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል። ነገ ይምጡ።»